«አትፈርሙ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ እናትን ቀድሞ መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል?

ሰሞኑን በፌስቡክና በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ከርሟል። እኔ ጋ ከዘመድም ከጓደኛም ደርሷል። ነፍሰ ጡሮችን መዝግበው፣ ልጁ ተወልዶ እስኪያድግ ቤተሰቡን ዓመት ከዓመት የሚከታተሉ ጥናቶችን ይቃወማል። መዝጊያው አጭር ነው፦ «ፎርም ይዘው ሲመጡ አትፈርሙ»። ጥሩ ተጽፏል። ንዴቱ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ግን ምክሩን ሰምታ በሯን የምትዘጋ ነፍሰ ጡር ስለምትኖር ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ጥናት ሃያ ዓመት ይፈጃል፣ ውጤቱ ሲመጣ ልጁ አድጓል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ተገኘ የሚባለውን ሁሉ አያቶቻችን ቀድመው ያውቁታል። ሦስተኛ፣ የሆስፒታል ካርድ እያለ ቤት ለቤት መሄድ ሰው ማስቸገር ነው። አራተኛ፣ ጥናቱ ግጥምጥሞሽ እየለቀመ በመጨረሻ እናትን ይወቅሳል። አምስተኛ፣ ተሳታፊው መሀል ላይ ይጠፋል፣ ትልልቆቹ ጥናቶችም ከስረው ተዘግተዋል። ስድስተኛ፣ ደማችን ውጭ አገር ይሄዳል፣ እናቲቱ ግን ባዶ እጇን ትቀራለች።

በቅደም ተከተል እሄዳለሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስለ ጊዜው ያሉት ነገር ጥናቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ የሚቆይ ያስመስላል። ቡታጅራን እንይ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያ አካባቢ ባሉ አሥር ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ እያለ ሲመዘግብ ኖሯል። በዚሁ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ2005 እና በ2006 መውለጃቸው የተቃረበ 1,065 ሴቶች በአንድ ጥናት ገቡ። ከሚጠየቁት አንዱ ሃያ አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። ባለፈው አንድ ወር ራስሽን ያምሽ ነበር? እንቅልፍ ይነሳሽ ነበር? ቶሎ ትደነግጪያለሽ? ከወትሮው የበለጠ ታለቅሺያለሽ? መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ቀላል ይመስላል። ግን እነዚህን ሴቶች ከዚያ በፊት ማን እንዲህ ብሎ ጠይቋቸው ያውቃል?

ውጤቱ ለመምጣት ሃያ ዓመት አልጠበቀም። በእርግዝናቸው ወቅት ጭንቀቱ የበረታባቸው ሴቶች ምጣቸው ከ24 ሰዓት በላይ የመርዘሙ ዕድል ከፍ ያለ ነበር። ጡት ማጥባት የሚጀምሩትም ዘግይተው ነበር። ይህ በ2009 ታትሟል። ልጆቹ ገና ፊደል አልቆጠሩም። ቀጥሎ ጭንቀቱ ከወሊድ በኋላም ያልለቀቃቸው እናቶች ሕፃናት በተቅማጥ በብዛት እንደሚታመሙ ታየ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡም ክትትሉ ቀጠለ፤ እናት ጭንቀት ላይ ስትሆን ልጁ ከክፍል የመቅረቱ ነገር መጨመሩ ተመዘገበ። በየደረጃው የሚወጣ ነገር አለ ማለት ነው። አንዳንዱ ጥያቄ በእርግጥ ዘመን ይፈጃል። በማህፀን የደረሰ ጉዳት በጉልምስና ልብን ይጎዳል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ጎልማሳው መምጣት አለበት፤ ይህንን አልክድም።

አያቶቻችንን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። አራስን አሳርፎ፣ ገንፎና አጥሚት አቅርቦ፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ መጠበቅ የሚያስቀና ሥርዓት ነው። «ነፍሰ ጡር አታስጨንቁ» ማለትም ከቡታጅራ መጠይቅ በፊት የነበረ ነው። ግን እነዚሁ አያቶች ሌላም ነገር ይሉ ነበር። ብዙ ከበላሽ ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጸናብሻል። ወተትና ሙዝ አታብዢ፣ ሕፃኑ ላይ ይለጠፋል። እንገሩ ይታለብና ይደፋ። ጡት ከመያዙ በፊት ቅቤ ይላስ። ይህ በየገጠሩ፣ አንዳንዴም በየከተማው ዛሬም ይባላል። አያቴን እወዳታለሁ፤ እንገር ይደፋ ስትለኝ ግን አልሰማትም። ከምትለው የትኛው ልክ፣ የትኛው ስህተት እንደሆነ በምን እንለይ? ያደረገችውንና ያላደረገችውን እናት ልጆች ተከታትሎ ከማየት ሌላ መንገድ የለም።

ደግሞ አያት ፈጽሞ ልታየው የማትችለው ነገር አለ። እንቅርትን አያቶቻችን ያውቁታል፣ ተረት እስኪወጣለት ድረስ። አንገቷ ላይ ምንም ያልታየባት ነፍሰ ጡር አዮዲን ቢያንሳት ልጇ ላይ ምን እንደሚደርስ ግን ከየት ያውቁታል? እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል ከተማና አካባቢዋ ከ1991 እስከ 1992 መጨረሻ መውለጃቸው የደረሰ ሴቶች 14,541 እርግዝናዎች የተመዘገቡበት ጥናት አለ። የጥናቱ መሥራች ጂን ጎልዲንግ ይባላሉ። ሴቶቹ የሰጡት ሽንት ተቀዝቅዞ ተቀመጠ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎች የአንድ ሺህ ያህሉን አውጥተው አዮዲኑን ለኩ። ከሦስቱ ሁለቱ በቂ አልነበራቸውም። አዮዲን ያነሳቸው እናቶች ልጆች በ8 ዓመታቸው በቃላት ችሎታ ፈተና፣ በ9 ዓመታቸው በንባብ ዝቅ ብለው ተገኙ። ይህ የሆነው ሀብታም አገር ነው፣ እንቅርት ያለፈ ታሪክ ነው በሚባልበት። ወደ እኛ ስንመጣ አዮዲን ጨው ውስጥ እንዲገባ በ2011 በደንብ ግዴታ ተደርጓል። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም ጨው ከተመረመረላቸው ቤቶች 89 በመቶው አዮዲን ያለው ጨው ነበራቸው። ጨው ላይ መጠኑ ይበቃል ወይ፣ ነፍሰ ጡሯ ጋ ሲደርስ ምን ያህል ይቀራል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ አያት ጠይቀን የምንመልሰው አይደለም።

ሐኪሞችም ይስታሉ፣ አያቶች ብቻ አይደሉም። እንግሊዝ አገር ያሉ ባለሙያዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ አለርጂ ያለበት ቤተሰብ ነፍሰ ጡሯ ኦቾሎኒ ባትበላ ይሻላል ብለው መከሩ። የብሪስቶል ልጆች ሲታዩ የእናት ኦቾሎኒ መብላት የልጁን አለርጂ እንደሚያመጣ ማስረጃ አልተገኘም። ይልቅ የሕፃኑ ቆዳ ላይ የሚቀባ፣ የኦቾሎኒ ዘይት ያለበት ክሬም ከአለርጂው ጋር ተያይዞ ተገኘ። ይህ በ2003 ወጣ። በ2015 ደግሞ ሌላ ሙከራ ተጋላጭ ለሆኑ ሕፃናት ኦቾሎኒን ቀደም ብሎ ማስጀመር አለርጂውን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። ምክሩ ተገለበጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሆስፒታል ካርዱ። ከሁሉም ነጥቦች ሰፋ አድርጌ መመለስ የምፈልገው ይህንን ነው። ጸሐፊው «ካርድ ክፍል ሂዱና መዝገብ አገላብጡ» ይላሉ። ጥሩ። ካርዱ የማን ነው? በዚያው በ2016ቱ ዳሰሳ በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019 ወደ 48 በመቶ አደገ። ደስ የሚል ለውጥ ነው፤ ግን ያኔም ቢሆን ግማሹ ሕፃን ቤት ነው የተወለደው። የእነዚያ እናቶች ምጥ ካርድ የለውም። ካርድ ያላት ደግሞ ወይ ከተማ ቅርብ ናት፣ ወይ መኪና ያገኘች ናት፣ ወይ ነገሩ ብሶባት ተሸክመው ያመጧት ናት። በእሷ ካርድ ስለ አገሩ እናት ሁሉ መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው ችግር ካርዱ የሚጽፈው በሽታን መሆኑ ነው። ጤነኛ ሆና የዋለች እናት ምን እንደበላች፣ በምን እንጨት እንዳበሰለች፣ ውሃ ከየት እንደቀዳች፣ ባሏ እንደሚመታት ማንም አይጽፍም። የካርድ ክፍሉን ወረፋ የምታውቁ ደግሞ ካርድ ራሱ ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛውና ትልቁ ነገር ትዝታ ነው። ልጁ ከታመመ በኋላ እናቱን «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን ወሰድሽ? ምን ነካሽ? ምን አስደነገጠሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ሌሊቱን ሙሉ ስታስበው ያደረች ሴት ናት። ያቺን ቀን የወሰደችውን አንድ ኪኒን፣ ያቺን የወደቀችበትን ደረጃ ሁሉ ታስታውሳለች። ጎረቤቷን፣ ጤነኛ ልጅ ያላትን፣ ያንኑ ጠይቋት። «እኔ እንጃ፣ ምንም አልወሰድኩም መሰለኝ» ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም። ግን ሁለቱን መልስ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ኪኒኑ ጥፋተኛ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ወጥመድ መውጫው ልጁ ምን እንደሚሆን ማንም ሳያውቅ፣ እሷም ሳታውቅ፣ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ነፍሰ ጡር ቤት ድረስ የሚኬደው ለዚህ ነው። ጸሐፊው «ማስቸገር» ያሉት ነገር የጥናቱ ዋና አጥንት ነው።

እዚያው ቡታጅራ ላይ ምሳሌ አለ። ሕፃናቱ የመጀመሪያ ዓመታቸው ላይ ፓራሲታሞል ይሰጣቸው እንደነበር ተጠየቀ። ከዚያ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ አዲስ ደረት ማፏጨት የጀመራቸው ተቆጠሩ። መድኃኒቱን በብዛት የወሰዱት ላይ ችግሩ በዝቶ ተገኘ። መድኃኒቱ ቀድሞ፣ በሽታው ተከትሎ ተመዝግቧል። ልጁ አስም ይዞት ከመጣ በኋላ ቢጠየቅ ኖሮ ይህንን ቅደም ተከተል ማመን አይቻልም ነበር። መድኃኒቱ ራሱ ነው ወይስ መድኃኒቱን ያስወሰደው ሕመም የሚለው ግን በዚህ ብቻ አይዘጋም፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ መድኃኒት ከልክሉ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ይህ ወደ አራተኛው ነጥብ ያደርሰናል። አብሮ መታየት ምክንያት መሆን አይደለም ማለታቸው ልክ ነው። የሕክምና ተማሪም በመጀመሪያ ዓመቱ ይማረዋል። ጥናቶቹን የሚሠሩት ሰዎች ግን ይህንን የማያውቁ አድርገው ማቅረባቸው ትክክል አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ጡት የሚያጠቡት በብዛት የተማሩና የተሻለ ኑሮ ያላቸው እናቶች ናቸው። ስለዚህ ልጁ ቢወፍር ባይወፍር የጡቱ ሥራ ነው የኑሮው? የብሪስቶል ሰዎች ብራዚል ውስጥ ፔሎታስ ከተማ ካለው ጥናት ጋር አነጻጸሩት። እዚያ ጡት ማጥባት ከሀብት ጋር እንደ እንግሊዝ አልተቆራኘም። እንግሊዝ ውስጥ ከክብደትና ከደም ግፊት ጋር የታየው ግንኙነት ፔሎታስ ላይ ጠፋ፤ ኑሮው ነበር ማለት ነው። ከልጁ የማሰብ ችሎታ ጋር ያለው ግን ሁለቱም ቦታ ታየ። በሲጋራም እንዲሁ አድርገዋል። የእናትን ማጨስ ከአባት ማጨስ ጋር ያስተያያሉ። በልደት ክብደት ላይ የእናትየው በግልጽ ይበልጣል፤ ማህፀን ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው። በልጁ ውፍረት ላይ ግን የአባትየውም ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ላይ የቤተሰቡ ሁኔታ ነው የሚናገረው።

እናትን መውቀስ? እንዲያውም ተገላቢጦሹ ነው። እናትን የሚወቅሰው ወሬ ነው። አንድ የእንግሊዝ ሐኪም በ1998 አሥራ ሁለት ልጆች ይዞ የኩፍኙን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ሊያያይዝ ሲሞክር፣ ልጇን ያስከተበች እናት ሁሉ «እኔ ነኝ ያመጣሁበት» ብላ ተቃጠለች። ዴንማርክ ከ1991 እስከ 1998 የተወለዱ ከ537 ሺህ በላይ ልጆችን ተከታትላ በ2002 ግንኙነት የለም አለች። እናቶቹን ከጸጸት ያወጣቸው መከታተል ነው። ቡታጅራ ላይም ከደቡብ እስያ የመጡ ውጤቶች «የተጨነቀች እናት ልጅ ይቀነጭራል» ይሉ ነበር። እዚያ ሲታይ ግልጽ ግንኙነት አልተገኘም። የሌላ አገር መልስ ተውሰን ቢሆን ኖሮ የቡታጅራን እናት ያልሠራችውን ጥፋት እንጭንባት ነበር። አባቶችም ቢሆኑ አልተረሱም። የብሪስቶሉ ጥናት ከወሊድ በኋላ የተጨነቁ አባቶች ልጆች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ የባሕርይ ችግር እንደሚበዛባቸው በ2005 አሳይቷል።

ስለ ክስረቱ ጸሐፊው የጠቀሱት እውነት ነው፤ አላድበሰብሰውም። አሜሪካ 100,000 ልጆችን ከእርግዝና እስከ 21 ዓመት ልከታተል ብላ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ካፈሰሰች በኋላ በታኅሣሥ 2014 ዘጋችው። እንግሊዝም በ2015 ሌላ አዲስ ጥናት ገና በጥቂት መቶ ሴቶች ላይ እያለ፣ በቂ ተመዝጋቢ ስላልተገኘ አቁማዋለች። ይህ ግን እናቶች አይጠየቁም ማለት አይደለም። የአሜሪካውን ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ልለካ ብሎ የተንጠለጠለ ዕቅድ ነው የገደለው። ኖርዌይ በዚያው ዘመን ከ1999 እስከ 2008 ከመቶ ሺህ በላይ ልጆችን መዝግባ እስከ ዛሬ ትከታተላለች።

ተሳታፊ ይጠፋል የሚለውም ከፊሉ ልክ ነው። ብሪስቶል ላይ የቀሩት በብዛት የተሻለ ኑሮ ያላቸው ናቸው፤ ጥናቱም ያንን አምኖ ነው የሚያሰላው። እኛ አገር ያለው ልምድ ግን ሌላ ነው። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት በ2002 ሦስት ሺህ ልጆችን በሃያ ቦታዎች ይዞ ኢትዮጵያ ውስጥ ጀመረ። ከእርግዝና አይነሳም፤ ታናናሾቹ አንድ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነው የገቡት። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ከእነሱ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ አሁንም ውስጡ ነበሩ። ሰው ተመልሶ የሚጠይቀው ካገኘ ይቆያል። የሰሜኑ ጦርነት በመስክ ጥናቶች ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን በጽሑፉ የጥናቱ ጥፋት ተደርጎ መቆጠሩ አልገባኝም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከ2018 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮችን እየመዘገበ የሚከታተለው «ብርሃን» ያለበትን ሁኔታ አስቡት።

የመጨረሻው፣ ስለ ደሙ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማው ከምቃወማቸው ይበልጣል። ለዓመታት ናሙና ተወስዶ ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ወጥቶ፣ የሰጠችው ሴት ግን ሳትሰማ የቀረችበት ጊዜ ሞልቷል። ስሟ በቁጥር ተተክቶ፣ የኢትዮጵያ ተመራማሪ ስም ደግሞ መሀል ላይ ተሸጉጦ። ናሙና ከአገር ሲወጣ የዝውውር ስምምነት ያስፈልጋል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ማየት አለበት፤ ወረቀቱ ግን እናቲቱ ጋ አይደርስም። ይህ መለወጥ አለበት።

ናሙና ማስቀመጥ ራሱ ግን ዘረፋ አይደለም። የብሪስቶል እናቶች ያስቀመጡት ሽንት እነሱም ተመራማሪዎቹም ያኔ ያላሰቡትን ጥያቄ ነው የመለሰው። የእንግዴ ልጁን በባልዲ አስቀምጠዋል። እኛ ጣሪያ ላይ የምንወረውረውን የወተት ጥርስ ሳይቀር ከልጆቹ ሰብስበዋል። ልዩነቱ እዚያ የጥናቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ይቀመጣሉ። ናሙናው ለምን እንደሚውል የሚወስነው ሰው መሀል የሰጠው ሰው አለ። ለቡታጅራም ለ«ብርሃን»ም መጠየቅ ያለብን ይህንን ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው «አትፈርሙ» ባሉበት ቦታ እኔ ነፍሰ ጡሯ ከመፈረሟ በፊት እንድትጠይቅ እፈልጋለሁ። ፎርሙን በምሰማው ቋንቋ አንብቡልኝ። ደሜ የት ይቀመጣል? ከአገር ከወጣ ማን ፈቅዶ ነው? ስትመረምሩኝ ችግር ካገኛችሁ ለማን ትልኩኛላችሁ፣ ትራንስፖርቱንስ ማን ይከፍላል? ውጤቱን ለቀበሌው መጥታችሁ ትነግራላችሁ ወይስ አትነግሩም? መሀል ላይ ላቋርጥ ብል የጤና ጣቢያ አገልግሎቴ ይቀርብኛል? ጥሩ መልስ ካላገኘች አትፈርም፤ እዚያ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ካገኘች ግን፣ ባሏም አማቷም የቴሌግራም ጽሑፍም ሳይወስንላት፣ እሷ ትወስን።